እምነት፣ ድኅነት፣ ጽድቅ፦ የሦስት ቃላት ታሪክ ከጨፋ ሸለቆ ሲታይ

«ሰው በእምነት ይጸድቃል» ወይም «በእምነት ይድናል» የሚለውን የክርስትና ትምህርት ዘወትር የሚመረምሩት የነገረ መለኮት ሊቃውንት ናቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ትምህርቱን ሳይሆን ትምህርቱን የተሸከሙትን ቃላት ነው። እነርሱም «እምነት»፣ «ድኅነት» እና «ጽድቅ» ናቸው። እነዚህን ቃላት የሚናገራቸው ካህንና ሰባኪ ብቻ አይደለም፤ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ዳኛውም፣ አስታማሚውም በየዕለቱ ይናገራቸዋል። ስለሆነም የሃይማኖት ክርክር በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎቹ የሚጠቀሙባቸው ቃላት አስቀድመው በሕዝብ አፍ የራሳቸውን ትርጉም ይዘው ይጠብቋቸዋል። ይህ ካልታወቀ ተርጓሚውም ሆነ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሳያስበው ለአንዱ ወገን ይፈርዳል።

ቃላቱን ለመመዘን የጨፋን ሸለቆ የመረጥነው በምክንያት ነው። ሸለቆው ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ቦርከና ወንዝ ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚያጠጣው ረግረጋማና ሣራም ሜዳ ነው፤ በበጋ የኦሮሞና የአፋር ከብት አርቢዎች ይሰማሩበታል። ዋና ከተማው ከሚሴ ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ሙስሊም ነው። ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በሾንኬና በጦለሃ አርጎብኛ እስካሁን አልጠፋም፤ ዐረብኛ የመድረሳና የኪታብ ቋንቋ ነው። በእሑድ የሰንበቴ ገበያና በሰኞ የባቲ ገበያ እነዚህ ሁሉ ይገናኛሉ። አንድ የክርስትና ቃል በእንዲህ ያለ ስፍራ ሲነገር ብዙ ጆሮዎች በየቋንቋቸው ይሰሙታል፤ የቃሉም ልዩ ልዩ ፍቺ ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ጎልቶ ይታያል።

1. «አመነ» እና ዘሮቹ

«አምነ» በግእዝ ማመንንም መታመንንም ያመለክታል። ከዚህ ሥር ግእዝ ሁለት ስሞች አሉት። አንዱ ከራሱ ግስ የወጣው «አሚን» ነው፤ ሁለተኛው «ሃይማኖት» ነው። «ሃይማኖት» ሥሩ ያው ቢሆንም ቅርጹ የግእዝ አይደለም፤ ከአራማይክ «ሃይማኑታ» የመጣ መሆኑን የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ይስማሙበታል። «ኦሪት»፣ «ጣዖት»፣ «ምጽዋት» የተባሉትም ከዚያው ወገን ናቸው። እንግዲህ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ግእዝ ለአንድ አሳብ የአገር ቃልና የመጻተኛ ቃል ጎን ለጎን ይዞ ኖሯል ማለት ነው።

አማርኛ ሁለቱን ቃላት ወርሶ የሥራ ክፍፍል አደረገላቸው። «ሃይማኖት» የማኅበር ነገር ሆነ፤ ሰው የሚወለድበት፣ የሚቀበለው፣ የሚለውጠው፣ የሚጸናበት ሥርዐትና ትምህርት ነው። «እምነት» ግን በሰውና በሰው፣ በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ መተማመን ሆነ። ነጋዴ ዕቃውን «በእምነት ሰጠ» ሲባል ያለ መያዣና ያለ ጽሑፍ፣ የተቀባዩን ቃል ብቻ ይዞ ሰጠ ማለት ነው። «ተከሳሹ አመነ» ሲባል ደግሞ ያደረገውን አልካደም፣ ተናዘዘ ማለት ነው። «በእግዚአብሔር አመነ» ሲባል ሁለቱም ትርጉሞች በውስጡ አሉ። ሕግ አውጪውም ልዩነቱን ጠብቆታል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ርእሱ ላይ ሃይማኖትንና እምነትን ለየብቻ ጠርቷቸዋል።

ይህ ክፍፍል ለክርክራችን ቀላል ነገር አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን ሉተርና ተከታዮቹ «እምነት ብቻ» ሲሉ የትምህርት አንቀጾችን አውቆ መቀበልን ማለታቸው አልነበረም፤ ልብን መጣልን፣ በሌላው ቃል መደገፍን ማለታቸው ነበር። ይህ አሳብ ከ«ሃይማኖት» ይልቅ ወደ ሰንበቴው ነጋዴ «እምነት» ይቀርባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ደግሞ የቆየው ጥንድ «ሃይማኖትና ምግባር» ነው፤ ሁለቱ እንደ ሁለት ክንፍ ይታያሉ፣ አንዱ ያለ ሌላው አያድንም። እንግዲህ አንዱ ወገን «እምነት ብቻውን ያድናል»፣ ሌላው ወገን «ሃይማኖት ያለ ምግባር አያድንም» ሲል፣ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በቃል ደረጃ ገና ፊት ለፊት አልተገናኙም። «ምግባር» እና «ሥራ»ም እንዲሁ ናቸው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው ምዕራፍ 3 ቁጥር 28 ላይም፣ ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ላይም ያለውን የጽርእ ቃል የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሥራ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የዐውደ ምሕረቱ ቃል ግን «ምግባር» ነው። «ሥራ» የሚያገለግለው ለተሠራው ነገር ሁሉ ሲሆን «ምግባር» የሰውን ጠባይና አኗኗር ያመለክታል። የሁለቱ ወገኖች ልዩነት የቃል ብቻ ነው አንልም፤ እውነተኛው ልዩነት የት እንደሚጀምር ለማወቅ ግን በመጀመሪያ የቃሉን ልዩነት ማንሣት ያስፈልጋል።

በሸለቆው ይህ የቃል ዘር ድንበር አያውቅም። ኦሮምኛ «አመኑ» ይላል፤ ስሙም «አመንቲ» ነው፤ ከሴም ቋንቋዎች እንደተዋሰው ይታሰባል። ዐረብኛ «ኢማን» ይላል፤ በዚህ ቃል ሃይማኖታዊ ፍቺ ላይ የግእዝ «አምነ» ተጽዕኖ እንዳለበት የጻፉ ምሁራንም አሉ። ዱዓ ሲደረግ ጀማው «አሚን» ይላል፤ የዚህ «አሚን» እና የካህናቱ «አሜን» ሥር ከግእዙ «አምነ» ሥር ጋር አንድ ነው። የሸለቆው ክርስቲያንና ሙስሊም በትምህርት ቢለያዩም የሚማማሉበትም፣ የሚመርቁበትም፣ የሚበዳደሩበትም ቃል ከአንድ ሥር የበቀለ ነው።

2. «ዳነ»፣ «ድኅነት» እና «ድኽነት»

ግእዙ «ድኅነ» ከአደጋ ማምለጥን፣ ከሕመም መፈወስን፣ በሕይወት መትረፍን በአንድነት ይይዛል። «መድኀኒት» ከዚሁ ይወጣል፤ በቤተ ክርስቲያን አዳኙን፣ በቤት የሚጠጣውን ፈውስ ያመለክታል። አማርኛው «ዳነ» ይህን ሁሉ ወርሷል። የወባ በሽተኛ ዳነ፣ ከጎርፍ የተረፈ ዳነ፣ ከሞት ፍርድ ያመለጠ ዳነ ይባላል።

የሃይማኖት ሰባኪ ይህን ግስ ሲጠቀም በጊዜ አገባቡ ላይ ችግር ይገጥመዋል። በወንጌላውያን ክርስቲያኖች ዘንድ «ድነሃል ወይ?» የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ግሱ የተፈጸመ ነገርን ያሳያል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ግን የተለመደው «ይድናል» ነው፤ ገና የሚጠበቅና እስከ መጨረሻ በመጽናት የሚገኝ ነገር ነው። ቃሉን በሁለቱም መንገድ ያልለመደ ሰው «ድነሃል ወይ?» ሲባል «ከየትኛው ሕመም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የተራው ንግግር ግስ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሰጣል፤ ከወባ የዳነ ሰው በእርግጥ ድኗል፣ ነገር ግን ሊያገረሽበት ይችላል። «ዳነ» የሚለው ግስ ብቻውን ክርክሩን አይፈታም።

የጽሕፈቱ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከ«ድኅነ» የወጣው «ድኅነት» እና ከ«ደኸየ» የወጣው «ድኽነት» በዛሬው አነጋገር ለጆሮ አንድ እየሆኑ ሄደዋል፤ ሁለቱም «ድህነት» ተብለው ሲጻፉ እናያለን። የሞክሼ ፊደላትን ቅነሳ የሚደግፉ ወገኖች ዐውዱ ትርጉሙን ይለያል ይላሉ፤ በአብዛኛው ቃላት ላይ እውነታቸውን ነው። «ከድህነት መዳን» እና «ለድህነት የተጠራ» በሚሉ አገላለጾች ላይ ግን ዐውዱ ብዙ አይረዳም፤ አንባቢው የሚያነበው ስለ ማጣት ይሁን ስለ መትረፍ ወዲያው አይለይም። ፊደልን ስለ መቀነስ የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ይህን ጥንድ ከፈተናዎቹ አንዱ ማድረግ ይኖርበታል።

በሸለቆው ኦሮምኛ ለመፈወስና ለጤንነት «ፈዩ» እና «ፈያ» ይላል። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ከዚሁ «ፈይና» የሚለውን ስም ለድኅነት፣ «ፈዪሳ» የሚለውን ለአዳኝ አውለዋል። በሙስሊሙ አማርኛ ደግሞ የዐረብኛው «ነጃ» ከመከራና ከእሳት ለመትረፍ ይነገራል። ኦሮምኛው ከጤና፣ ዐረብኛው ከማምለጥ ይነሣል፤ ግእዙና አማርኛው ሁለቱን ያጣምራሉ።

3. «ጸደቀ»፦ በቤተ ክርስቲያን፣ በእርሻ፣ በጽሕፈት ቤት

ከሦስቱ ቃላት ብዙ የተጓዘው «ጸደቀ» ነው። የግእዙ «ጸድቀ» እውነተኛ መሆንን፣ ቅን መሆንን፣ በፍርድ ንጹሕ ሆኖ መገኘትን ያመለክታል። የጳውሎስ የጽርእ ቃልም የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ ዳኛ ተከሳሹን «ንጹሕ ነህ» ብሎ ማሰናበቱን ያሳያል። የላቲኑ ትርጉም ግን በቅርጹ «ጻድቅ ማድረግ» የሚል ነበር። እግዚአብሔር ሰውን ጻድቅ ይለዋል ወይስ ጻድቅ ያደርገዋል የሚለው የምዕራባውያን ክርክር ከፊሉ ከዚህ የትርጉም ልዩነት የመጣ ነው። ክርክሩ ከተነሣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999፣ የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአውግስቡርግ የጋራ መግለጫ ሲፈራረሙ፣ አብዛኛው ድካም አንዱ ወገን በሚለው ቃል ሌላው ምን እንደሚሰማ መግለጽ ነበር።

በአማርኛ «ጸደቀ» ሦስት ዐይነት ሕይወት ይኖራል።

አንደኛው በሃይማኖትና በምጽዋት ዙሪያ ያለው ነው። «ለጽድቅ ብሎ ሰጠ» ሲባል ዋጋውን ከፈጣሪ እየጠበቀ መልካም ሠራ ማለት ነው። «ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ» የሚለው ተረትም ጽድቅን በሥራ የሚገኝ ዋጋ አድርጎ ይወስደዋል። የዐረብኛው «ሰደቃ» ከዚሁ ሥር መሆኑን ስናስብ፣ በሸለቆው ለነዳያን የሚሰጠው ሰደቃና በክርስቲያኑ በኩል ለጽድቅ የሚሰጠው ምጽዋት በስምም ዘመዳሞች መሆናቸውን እንረዳለን።

ሁለተኛው የእርሻው ነው። ችግኝ ተነቅሎ በሌላ መሬት ሲተከልና ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» ይባላል፤ ሳይዝ ሲቀር «አልጸደቀም» ይባላል። እዚህ ላይ ዋጋም ሥራም የለም። ችግኙ የሚጸድቀው መሬቱ ሲቀበለው፣ እርጥበትም ሲያገኝ ነው።

ሦስተኛው የጽሕፈት ቤቱ ነው። ምክር ቤት ሕግን «አጸደቀ»፣ ጉባኤ ቃለ ጉባኤን «አጸደቀ» ይባላል። ሥልጣን ያለው አካል «ይሁን፣ ይጽና» ብሎ በቃሉ አጸናው ማለት ነው።

ለጳውሎስ የፍርድ ቤት ቃል የሚቀርበው፣ ከሁሉ ዓለማዊ የሆነው ሦስተኛው ፍቺ ነው። «በእምነት መጽደቅ» የሚለውን ሐረግ የሚሰማው ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያስበው አንደኛውን ነው፤ «ጽድቅ» ሲባል ምጽዋት፣ ጾምና ስግደት በአሳቡ ይመጣሉ። ስለዚህ ተርጓሚዎቹ «ሰው ያለ ሕግ ሥራ ይጸድቃል» የሚለውን አሳብ ያስቀመጡት በሕዝቡ ጆሮ የሥራ ዋጋ በሚባለው ቃል ውስጥ ነው። ትምህርቱ በአማርኛ እንግዳ ሆኖ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ቃሉ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ከግእዝ የወረደ ትክክለኛ ቃል ነው። ነገር ግን ከግእዝ ከወረደ በኋላ የራሱን መንገድ ሄዷል።

4. ቦሩ ሜዳና ሸለቆው

ቃላቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልተፈተኑም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል። ክርክሩ ሰው በእምነት ይድናል ወይስ በሥራ የሚል አልነበረም። አዳኙ ክርስቶስ ማን ነው፣ ሥጋና መለኮት እንዴት ተዋሐዱ የሚል ነበር። «ልደት»፣ «ቅብዐት»፣ «ተዋሕዶ» እና «ጸጋ» የክርክሩ ቃላት ሲሆኑ፣ ጉባኤው ተዋሕዶን አጸና። «ጸጋ» በዚያ ክርክር የአንድ ወገን መለያ ነበር፤ ወንጌላውያኑ በኋላ «በጸጋ መዳን» ሲሉ ቃሉን በሌላ ፍቺ ማምጣታቸው ነው። በኢትዮጵያ የቃሉ ታሪክ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት አለበት።

ለጨፋና ለአካባቢው ግን የቦሩ ሜዳ ትልቁ ውጤት ሌላ ነበር። ጉባኤውን ተከትሎ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ብዙው ሕዝብ በግዳጅ ተጠመቀ፣ ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ መሣሪያ አነሣ። ከተቃወሙት መካከል ሼኽ ጠልሓ ጃዕፈር ስማቸው ይታወቃል፤ በዐረብኛ ፊደል የጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎች ዛሬ ለአማርኛ ታሪክ ራሳቸውን የቻሉ ምንጮች ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ግፊቱ ሲላላ፣ ከተጠመቁት ብዙዎቹ ወደ እስልምናቸው ተመለሱ።

ይህ ታሪክ ስለ «አመነ» አንድ ነገር ያስተምራል። በአዋጅ «ሃይማኖት ተቀበል» ይባላል፤ «ተጠመቅ»ም ይባላል፤ ሁለቱም ትእዛዞች በላይ በላዩ ሊፈጸሙ ይችላሉ። «እመን» የሚለው ትእዛዝ ግን በሰዋስው ትክክል ቢሆንም የሚፈጸምበት መንገድ የለም፤ እምነት የልብ ነገር ስለሆነ ንጉሥ አያዝዘውም። የሸለቆው ሰው በዚያ ዘመን በሃይማኖትና በእምነት መካከል ያለውን ልዩነት በኑሮው አውቆታል። ውጫዊ ስሙ ተለውጦ እምነቱ በቤቱ የቆየ ሰው ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ለእርሱ የመዝገበ ቃላት ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

5. ተርጓሚዎቹ

ቅዱሳት መጻሕፍት በግእዝ የተተረጎሙት በአክሱም ዘመን ነው። የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በሮም እ.ኤ.አ. በ1548–49 ያሳተመው የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በዊተንበርግ ከሉተር ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ የተነጋገሩት ዲያቆኑ በሚያውቀው ጥቂት ጣልያንኛ በኩል ነው።

የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የጎጃሙ ሰው የአባ አብርሃም ሥራ ነው፤ በውጭ አገር አቡ ሩሚ በሚለው ስም ይታወቃል። በካይሮ የተረጎመውን የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ ወንጌላቱን እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑን በ1829፣ ሙሉውን በ1840 አሳተመ። የሚሲዮናውያን ስብከት በስፋት ሳይጀመር ተርጓሚው የግእዝን የሃይማኖት ቃላት ወደ አማርኛ አሻግሯቸው ነበር፤ በኋላ የመጡት ሰባኪዎች ያገኙት የተዘጋጀ መዝገብ ነው።

የኦሮምኛው መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ኦሮምኛ ከግእዝ የሚወርሰው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አልነበረውም። ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልዶ በሕፃንነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጣ ሰው ነው። በስዊድን ተምሮ ሐዲስ ኪዳኑን በ1893 በምኩሉ፣ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱን በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና አሳተመ፤ ሁሉንም በግእዝ ፊደል። በሕፃንነቱ ከአገሩ ስለ ወጣ የጎደለውን የቃላት ሀብት የሞላችለት አስቴር ገኖ ናት፤ እርስዋም ከባርነት የወጣች ስትሆን ሰፊ የኦሮምኛ ቃላት ስብስብ አዘጋጅታለች። የዘመናዊው የኦሮምኛ የክርስትና ቃላት መሠረት የተጣለው በእነዚህ ሁለት ነፃ የወጡ ሰዎች ሥራ ነው። ለጻድቅ በዛሬው ኦሮምኛ የሚነገረው «ቀጄላ» ቀጥ ያለ፣ ያልተጣመመ ማለት ነው። «ለጽድቅ» እንደሚለው እንደ አማርኛው የምጽዋት ታሪክ ስላልተሸከመ፣ የጳውሎስን አሳብ በንጽሕና ይቀበላል ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የፍርዱን ቃል በቅርጽ ቃል በመተካቱ የዳኛውን ድምፅ ያሳሳዋል።

ይህ መዝገብ የተሠራው ከወሎ ርቆ፣ በአብዛኛው በምዕራቡ የኦሮምኛ ዘዬ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የከሚሴ ተማሪ ዛሬ በቁቤ ኦሮምኛ ሲማር «አመንቲ» የሚለውን ቃል ያገኘዋል፤ በቤቱ ግን ከዐረብኛው «ኢማን» ጋር የኖረ ቃል ነው። በመጽሐፉና በቤቱ ያለው ፍቺ አንድ ነው ብሎ ማለፍ ለሁለቱም አይበጅም።

6. ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚጠቁመው

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች አራት አሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ «እምነት» እና «ሃይማኖት» አንዱ በሌላው ብቻ ሊፈቱ አይገባም። «እምነት» ሲፈታ በቅድሚያ መተማመንና መደገፍ፣ ቀጥሎ ያልካዱትን መናዘዝ፣ ከዚያ ሃይማኖታዊው ፍቺ ይቀመጥ፤ ሃይማኖታዊውም የክርስትናንና የእስልምናን አነጋገር በእኩልነት ያሳይ።

ሁለተኛ፣ «ጸደቀ» ሲፈታ የእርሻው «ሥር ያዘ» እና የጽሕፈት ቤቱ «አጸደቀ» ከቤተ ክርስቲያኑ ፍቺ ኋላ እንደ ጭራ የሚጨመሩ ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ ፍቺዎች ይሁኑ። «ሰደቃ»ም በዘመድነቱ ይጠቀስ።

ሦስተኛ፣ «ድኅነት» እና «ድኽነት» በጽሕፈት ይለዩ።

አራተኛ፣ በክርክር ውስጥ ያለ ቃል ሲፈታ «በእገሌ ወገን አነጋገር» የሚል ምልክት ይደረግበት። «ድኛለሁ» በወንጌላውያን፣ «ይድናል» በኦርቶዶክሳውያን፣ «ነጃ» በሙስሊሞች አነጋገር ምን እንደሚባል ለየብቻ ከተመለከተ፣ መዝገቡ ማንንም ሳያጠምቅ ሁሉን ያስረዳል።

ይህን ለማድረግ ከመጻሕፍት የተገኘው ማስረጃ ብቻ አይበቃም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌና የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ለግእዙና ለቤተ ክርስቲያኑ አማርኛ ታላቅ መሠረት ናቸው፤ የሰንበቴን ነጋዴ «እምነት»፣ የጨፋን ገበሬ «ጸደቀ»፣ የሾንኬን ደረሳ «ኢማን» ለማግኘት ግን ወደ ተናጋሪዎቹ መሄድ ያስፈልጋል። በከሚሴ፣ በባቲና በሰንበቴ በአራቱም ቋንቋዎች የሚደረግ የቃላት ስብሰባ ከዚህ ጥናት ቀጥሎ ሊሠራ የሚገባው ነው።